ሙሾ ሰምተው የሚቀበሉበት አገር

ብሳና ውሃ በሚባለው አገር ለቀብር የሄደ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተጣልቷል ብሎ ነው። አልቃሿ ሙሾዋን አውጥታ ስትጨርስ ማንም አይቀበላትም፤ ደረት የሚመታ የለ፣ ወዮ የሚል የለ፣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ያንኑ ሙሾ ስትደግመው ነው አገር የሚናጠው። ከመቃብሩ በታች ምንጭ አለ፤ ምንጩን የከበበው የዋንዛና የወይራ ዱር የቢራራ ዱር ይባላል፤ ዝምታውም ዱሩም የቆዩልን በአንድ ሙሾ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች። እኔ ሽማግሌ ያለውን ሁሉ የምውጥ ሰው አይደለሁም። ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቄ፣ ሦስቱም የተስማሙበትን ብቻ ነው የምጽፈው።

እንደሚነገረው ቢራራ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅም ያልወለደ ገበሬ ነበር። ያን ዱር ችግኝ በችግኝ የተከለው እሱ ነው፤ በበጋ ከምንጩ በቅል እየቀዳ ያጠጣ ነበር ይባላል። ሰው መቼም ዝም አይል፤ አንዱ ዛር አለበት፣ ሌላው ወርቅ ቀብሮበታል ይለው ነበር። የሞተ ዕለት ከወንዝ ማዶ አለኸኝ የሚባል የእህቱ ልጅ መጣና ከለቀስተኛው ሁሉ አስበልጦ አለቀሰ። ወራሹ እሱ ብቻ ነበር፤ ለምን እንዳስበለጠ እናንተው ገምቱ።

ሙሾውን ያወጣችው እናኑ ናት። እናኑ ቤቷ ከምንጩ በላይ የሆነ፣ ለሙሾዋ በሚሰፈርላት እህል የምትኖር ባልቴት ነበረች። እንዲህ አለች ይባላል፦

ቢራራ መከነ፣ ዘር የለው አትበሉ፣
ዋንዛና ወይራው ምንጩ ዳር ቆመው አሉ፤
ስሙን የረሳችሁ ሂዱ ከጥላው ሥር፣
ቅጠሉ ያወራል ቢራራን ሲዘክር፤
በነሱ ላይ ምሳር የሚያነሳ ያ ሰው፣
ቢራራን ዳግመኛ ገደለ፣ ቀበረው።

በዚያን ጊዜ ልማዱ እንደ ሌላው አገር ነበርና አልቃሿ አፏን ሳትገጥም ሰዉ ይቀበላታል። አለኸኝም እየዘለለ፣ ደረቱን እየደቃ ተቀበለ።

ሳልስቱ ባለፈ ማግስት ምሳር የያዙ አራት ሰዎች አስከትሎ ምንጩ ዳር ወረደ፤ ዱሩን መንጥሮ ጤፍ ሊዘራበት ኖሯል። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ዛፉ ከሄደ ምንጩንም ፀሐይ እንደሚጠጣው ያውቁ ነበርና፣ ሙሾውን አልሰማህም ወይ ብለው ከፊቱ ቆሙ። እሱም የምን ሙሾ አለ። ሲነግሩት ዓይኑ ደም ለበሰ፤ ይህች ባልቴት ከራሷ የፈጠረችው ነው፣ አጎቴ እንዲህ ሲል ማን ሰማው ብሎ ከሽማግሌ ፊት አቆማት። ሐሰት ማልቀሷ ከተረጋገጠ ሁለተኛ ማንም ቤት እንዳይጠራት ይፈረድልኝ አለ። ያ ማለት ለእናኑ ረሃብ ነው፤ እሷም፣ ሽማግሌዎቹም፣ እሱም ያውቁታል።

ዳኛው ባሻ ጓሉ ነበሩ። ቢራራ ይህን ቃል ሰጥቶሽ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቋት እናኑ መሬት መሬት አየች። ይህን ሲያዩ እስከዚያ ድረስ ያመኗት ሴቶች እንኳ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ቀና አለችና፣

«የኔን ለጊዜው ተዉት ባሻ። እሱ ሲቀበለኝ ምን ብሎ ነው የተቀበለው?» አለች።

በዚያ አገር ሙሾ መቀበል ምስክርነት ነው፤ የተቀበለ ሰው «እኔም እንዲሁ አውቃለሁ» እንዳለ ይቆጠራል። ባሻ ጓሉ ወደ አለኸኝ ዞሩ። አለኸኝ ከስድስቱ ስንኝ አንዱ እንኳ ትዝ አላለውም። አልሰማሁም ቢል ያለቀሰው ለታይታ መሆኑን በገዛ አፉ መናገሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኑ ሰው ያያል?

«ተቀብያለሁ» አለ።

«እንግዲያው ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉ ባሻ፣ ባለምሳሮቹም ምሳራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ።

እኔን ብትጠይቁኝ እናኑ አለኸኝ እንደማይሰማት አስቀድማ አውቃለች። አልቃሽ የደረቀ ዓይን ከሩቅ ትለያለች፤ ምሳሩን ስንኝ ውስጥ የሸጎጠችው አይታው ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ስላቸው ሳቅ ይላሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናኑ ታማ ስትተኛ አለኸኝ ሊጠይቃት መጣ። ሰው ጠረጠረው፤ ቂሙን ሊወጣ ነው አሉ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ከሆኑ የተባባሉትን ማን ሰማ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ እሱ ራሱ ሲያረጅ ተናዞታል አሉኝ። «እትዬ እናኑ፣ አጎቴ በእርግጥ እንዲያ ብሎሽ ነበር?» አላት።

«አንዲት ቃል አላለኝም» አለችው። «ዛፎቹን ሲያጠጣ ግን ሃያ ዓመት ከደጄ ሆኜ አይቸዋለሁ። አንተስ አንድ ቀን አይተኸዋል?»



በቀብሯ ዕለት ከጎረቤት አገር የመጣች አልቃሽ የመጀመሪያውን ሙሾ ስታወጣ፣ ሰዉ ሊቀበል ሲነሳ አለኸኝ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «ቆዩ፣ መጀመሪያ እንስማት። እኔ ሳልሰማ አልቅሼ አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ በብሳና ውሃ ሙሾ ሳይሰሙ አይቀበሉም ይባላል።

ዱሩ ዛሬም አለ፣ ሴቶቹም ከምንጩ ይቀዳሉ። ባለፈው ዓመት አባቴን እዚያ ቀበርኩ። አልቃሿ አባቴ ማለዳ ማለዳ እየወጣ ከወፎቹ ጋር ያወጋ ነበር አለች። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አላየሁም። ሰዉ ዝም ብሎ እኔን እኔን አየኝ። ማን ነገረሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስትደግመው ተቀበልኩ።