የቀላው ሽቦ

ፊታውራሪ ደምመላሽ ለልጃቸው ሠርግ የአንገት ጌጥ ሊያሠሩ ብር የተቀባ የመዳብ ሽቦ ለአንድ አንጥረኛ ሰጡና «ንጹሕ ብር ነው፤ በአባቴ አጥንት!» ብለው ማሉ። አንጥረኛው ነገሩ ገብቶታል፤ ግን ማን ደፍሮ ፊታውራሪን «ዋሹ» ይላቸዋል? ጌጡን ሠርቶ አስረከበ።

በሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ ስትጨፍር የብሩ ቅብ ለቀቀና ጌጡ ቀይ ሆነ። እንግዳው ሁሉ አፈጠጠ። ፊታውራሪ አንጥረኛውን በገራፊዎች አስይዘው አስመጡት።

«አንተ ሌባ፣ ብሬን በመዳብ ለውጠህብኛል! ወይስ እኔን ውሸታም ልትለኝ ነው?»

አንጥረኛው እጅ ነሣ። «ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎም አልዋሹ፣ እኔም አልሰረቅሁ። ሽቦው ‹ንጹሕ ብር ነው› ብለው ሲምሉበት ሰማና በእርስዎ ፈንታ አፈረ። ይኸው እስካሁን እንደ ቀላ ነው።»

ሙሽራዋ ከሁሉ ቀድማ ሳቀች፤ ገራፊዎቹም ተከተሏት።