አያ ጅቦ የገዛት ሽበታም ቲዩብ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ማዶ ሰፍረው በሚኖሩበት አገር፣ ዱላ የማያጣው አንድ ጅብ ነበር። አህያ በእርግጫ፣ ጎሽ በቀንድ፣ ዝንጀሮ በድንጋይ፣ ብቻ ያገኘው ሁሉ ይደበድበዋል። ባይሰርቅ ማን ይነካው ነበር? እሱ ግን ሌብነቱን ትቶ ዱላውን ያማርር ነበር።

የአገሩ ንጉሥ አንበሳ ዐዋጁን የሚያስነግረው በአንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ነበር። መሣሪያው ሆዱ ውስጥ ቲዩብ የሚባሉ ሁለት የመስታወት አምፖሎች አሉት፤ እነሱ ሲግሉ የተናጋሪው ድምፅ ጎልቶ ማዶ ድረስ ይሰማል። በበዓል ዋዜማ ሁለቱም ተቃጠሉ። አንበሳውም፣ «ነገ ይህን ዕቃ ላናገረልኝ፣ የፈለገውን ዐዋጅ አስነግርለታለሁ» አለ።

ጅቡ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ እኔ አናግረዋለሁ! እርስዎ ደግሞ ጅብን ማንም እንዳይመታው ይዘዙልኝ።»

«ይሁን» አለ አንበሳው።

ጅቡ በቀጥታ ወደ እመት ጃርት ሄደ። ጃርቷ በመሣሪያ ጥገና የታወቀች ናት። መርፌዋ ወዲያና ወዲህ የምትል መፈተሻ ሳጥኗን ከፊቷ አድርጋ፣ ከቅርጫት ሙሉ አሮጌ ቲዩብ አንድ በአንድ እያነሳች ስትሰካና ስትነቅል አገኛት።

«እመት ጃርት፣ ቲዩብ ስጪኝ፤ የሚያምር የሚያምረውን!»

«የሚያምር የለኝም፤ የሚሠራ ግን አለኝ» አለችና ጽሑፋቸው የለቀቀ፣ አቧራ የጠጡ ሁለት ቲዩቦች አሳየችው። «እነዚህን ሁለት ለማግኘት አርባ ፈትሻለሁ። ሁለቱም መርፌዋን እኩል ያነሳሉ። ቲዩብ እንደ ቅንጅ በሬ ነው፣ አያ ጅቦ። አንዱ እየጎተተ ሌላው ከለገመ እርሻውም ይበላሻል፣ ጎታቹም ይሞታል። ግማሽ ቀን ሥራ ሥር ቆፍርልኝና ውሰዳቸው።»

ጅቡ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ? ለዚህ ለኮተት መሬት ልቆፍር?»

«እንግዲያው ከሌላ ግዛና አምጣው፤ በነጻ እፈትሽልሃለሁ። ብቻ የቲዩቧ አናት ነጭ ሆኖ ካየህ አትንካት። አየር ገብቷታል፤ ሞታለች ማለት ነው።»

ጅቡ «አናት» የሚለውን ቃል እንደሰማ ሐሳቡ ወደ በግ አናት ሄዶ ስለነበር የቀረውን አልሰማም። ምራቁን ዋጠና ወጣ።

መንገድ ዳር ቀበሮ በቀይ ጨርቅ ላይ ዕቃ ዘርግቶ ተቀምጧል። ገና ከሩቅ ሲያየው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ምነው እርስዎን የመሰለ ሰው በእግሩ?»

ጅቡ ወደ ኋላው ዞሮ ተመለከተ። ማንም የለም። «እርስዎ» የተባለው እሱ ራሱ ነው! ከተወለደ ጀምሮ «አንተ ሌባ» እንጂ ሌላ ተብሎ አያውቅም። እዚያው ልቡ ቀለጠ፤ ከዚያ ወዲያ ቀበሮ ድንጋይ ቢሸጥለትም ይገዛው ነበር።

ቀበሮ ከሐር ጨርቅ ውስጥ አንዲት ቲዩብ አወጣ። ላይዋ ላይ የወርቅ ፊደል ተጽፎባታል። በጥፍሩ መታ ሲያደርጋት ቅጭል አለች። «ይስሙ! እንዲህ ያለ ድምፅ ዛሬ ይገኛል? የቅድመ አያትዎ እኩያ ናት።»

ጅቡ እንደ ልማዱ ላሳት። ምላሱ ቢጫ ሆነ።

«ቀለሙ ለቀቀ እኮ» አለ።

«ወርቅ ነዋ፣ ጌታዬ! የሚለቅ ንጹሕ ወርቅ ብቻ ነው፤ ነሐስማ የት ይሄዳል?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ጅቡ፣ ወርቅ አዋቂ መስሎ። «ሁለተኛዋስ?»

«ሁለተኛዋ ምርቃት ናት። ለእርስዎ ብዬ።»

ምርቃቷ አናቷ እንደ ወተት ነጭ ነበረች። ጅቡ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ «ይህ ነጭ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ሽበቷ ነዋ! ዕድሜ የጠገበች ናት። አደራዎን፣ ጃርቷ እንዳትነካብዎ። በዚያ ሳጥኗ በፈተሸች ቁጥር ዕድሜያቸውን ትበላለች። ደግሞስ የጨዋ ልጅ ይፈተሻል?»

ጅቡ በዋሻው ደብቆ ያኖረውን የሙክት ሥጋ፣ አጥንት ሳያስቀር፣ አምጥቶ ሰጠ። በነጻ ከምትፈትሽለት ከጃርቷ ደጅም ደረቱን ነፍቶ አለፈ።

በበዓሉ ቀን አራዊት ሁሉ ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ማዶ ተሰበሰቡ። ጅቡ ቲዩቦቹን ሰካና አምፕሊፋየሩን አበራው። አንደኛዋ እንደ ፍም ቀላች። ሽበታሟ ጭል አላለችም። ወዲያው አንድ ሺህ ንብ ቀፎ ውስጥ የገባ ይመስል መሣሪያው ይጮኽ ጀመር።

«ይህ ምን ይጮኻል?» አለ አንበሳው።

«ጥንታዊነቱ ነው፣ ጌታዬ። እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ የሚገባው ለሠለጠነ ጆሮ ብቻ ነው።»

አንበሳው ጆሮዬ አልሠለጠነም ማለት አፈረና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ጦጣዎቹ፣ «ሲጥም! ሲጥም!» እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አያ ጅቦ፣ አጥፋው!» ብላ ጮኸች ጃርቷ ከኋላ። «አንደኛዋ ብቻዋን እየጎተተች ነው። ፍም መስላ አታይም? አሁን ትቃጠላለች!»

«ሽማግሌዋ ቁጭ ብላ ትመርቃለች፤ ወጣቷ ትሠራለች። ሥርዓቱስ እንዲህ አይደለም?» አለ ጅቡና በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ። ከዚያም እየተጎማለለ ሸለቆውን ተሻገረ። ዐዋጁ ሲነገር ማዶ ያሉትን የአህያንና የጎሽን ፊት ቆሞ ማየት ፈልጎ ነው። መሃላቸው ገብቶ፣ «ስሙ እንግዲህ! ጥርት ያለ ድምፅ ዛሬ ትሰማላችሁ» አላቸው።

አንበሳውም ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ወዲያ ማዶ ያላችሁ ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ ጅብ በማንም እንዳይመታ!» ብሎ ዐወጀ።

ዳሩ ግን ልክ «እንዳ» ሲል የቀላችው ቲዩብ ጣ-ጣ-ጣ ብላ ተንጣጣች፤ ማዶ የደረሰው ቃል ይህ ሆነ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ጅብ በማንም… ይመታ!»

ከዚያ ቲዩቧ ፈነዳች፤ አምፕሊፋየሩም ጭስ ተፍቶ ዝም አለ።

አህያዋ ቀስ ብላ ወደ ጅቡ ዞረች።

«‹እንዳ› አለበት!» ብሎ ጮኸ ጅቡ። «መሃል ላይ ‹እንዳ› አለበት! ቲዩቧ ናት የዋጠችው!»

«አንተው ራስህ ጥርት ያለ ድምፅ ነው አላልክም?» አለችና በሁለት ኮቴዋ አነሳችው። ጎሹ ከአየር ላይ ተቀበለው። ዝንጀሮዎችም የንጉሥ ትእዛዝ ነውና ሥራ ፈትተው አልቆሙም።

አንበሳው ማዶ የሚሆነውን አየ። ሊያርም አስቦ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን መሣሪያው ሞቷል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ፍሪዳ ተቀምጧል። «እንግዲህ ከአፍ የወጣ ወጥቷል» አለና መብላቱን ጀመረ። ዐዋጁ ያኔ እንደተሰማ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልተሻረም።

በማግስቱ ጅቡ እያነከሰ ወደ ቀበሮ ሲሄድ ያዩ ሁሉ፣ «ዛሬስ ይዘነጥለዋል» ብለው ጠበቁ። ቀበሮ ግን ገና ሲያየው ብድግ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ምን አጠፉ! እነዚያ ጆሮ የላቸውም እንጂ። የሟቿ ታናሽ እህት አለችኝ፤ እሷንም ለሌላ አልሰጥም ብዬ ነው ያቆየኋት» አለው። ጅቡ አበጥ ያለ ከንፈሩን ላሰና፣ «ምርቃትስ አላት?» ሲል ጠየቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ «ሳትፈትሽ ውሰድ» የሚል ሻጭ ሌባ ቢሆንም፣ ሳይፈትሽ የሚወስድ ገዢም በገዛ ኪሱ ላይ የሌባው ተባባሪ መሆኑን ነው።