ጦጣና የገደሉ ጦስኝ

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ አፍ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ ገደል ነበር። ልጆች ጠጋ ብላችሁ ስሙ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም።

ከገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ የበዛበት ደረቅ መሬት አለ። እዚያ ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ሽኮኮ ትኖር ነበር። ከገደሉ ሥር ደግሞ ወንዝ ይወርዳል። የወንዙ ዳር አፈር ጥቁር ነው፤ ምርኩዝ ቢተክሉበት እንኳ ያቆጠቁጣል። እዚያ፣ ከሾላ ዛፍ ላይ፣ አንድ ጦጣ ሙጢት ከምትባል አንዲት ልጁ ጋር ይኖር ነበር።

ጦጣው ክፉ አልነበረም። ሾላ ሲለቅም መጀመሪያ የበሰለውን ለሙጢት አጉርሶ ነው የራሱን የሚበላው። ብቻ ብልጠቱ አላስቀምጥ ይለዋል። ከእሱ አብልጦ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም።

በዚያ አገር ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲበረታ ግልገሉን ሁሉ ሳል ይይዘዋል። ያን ጊዜ ወላጆች ወደ አፋፉ ይወጣሉ። ሽኮኮዋም ከድንጋዩ መሀል ከበቀለው ጦስኝ ለእያንዳንዱ አንዳንድ እፍኝ ትሰጣለች። ፈልቶ ሲጠጣ ሳሉ ይለቃል። መድኃኒት በባዶ እጅ አይወሰድምና ሚዳቋ ለመኝታ የሚሆን ለስላሳ ሣር፣ ጃርት ከመሬት የማሰችውን ጣፋጭ ሥር፣ ጦጣም ሾላውን ይዞ ይሄዳል።

የቸኮለ መጥቶ «አሁኑኑ ይስጡኝ» ካላት፣ የሽኮኮዋ መልስ አንድ ነው።

«ሥሩ ሳይጠማ፣ አበባው ሳይፈነዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ አይቆረጥም።»

«እሺ እሜቴ» ይላል ጦጣ። ሲወርድ ግን «የስስታም ወግ» እያለ ይወርዳል። ከደጇ የተከመረውንም የጃርት ሥር ዞር ብሎ ሳያይ አይወርድም።

ታዲያ አንድ ቀን ማለዳ ከቋጥኝ ጀርባ ተደብቆ ሊሰልላት ተቀመጠ። ሽኮኮዋ ከዋሻዋ ወጣች። ቃል አልተነፈሰችም። ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀመጠች። ተነሥታ ጦስኙን በመዳፏ ዳበሰችውና ተመልሳ ተቀመጠች። ጦጣው እየጠበቃት ሸለብ አደረገው። ሲነቃ ደግማ ዳብሳ ስትቀመጥ አያት። በሦስተኛው ግን ጎንበስ ብላ መቁረጥ ጀመረች።

«አገኘሁት» አለ ጦጣ በልቡ። «መድኃኒቱ ያለው በዝምታውና በሦስቱ ምልልስ ነው። ቅጠል በጣሽ መቼ ይናገራል? ጥማት፣ አበባ፣ ጤዛ የምትለው እኛን ለማዘናጋት ነው።»

ሰኔ መጣ። ዝናቡ ሲጀምር ሽኮኮዋ ከዋሻዋ አትወጣም። ጦጣው ወጣና ጦስኙን ከነሥሩ ይነቅል ጀመር። እየነቀለ አወረደ፣ እያወረደ ነቀለ። አንዲት ብቻ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ እምቢ አለችው። ኩርምት ያለች፣ የደረቀች ነበረች።

«አንቺ ደግሞ ቅጠል ነሽ ወይስ የፍየል ጢም?» ብሎ ስቆባት ወረደ።

ያመጣውን በወንዙ ዳር በጥቁሩ አፈር ላይ ተከለው። ፍግ አለበሰው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በቅል ውሃ እየቀዳ ጠዋት ማታ አጠጣው። በገደሉ ላይ ከስንዝር የማያልፈው ጦስኝ ጉልበቱ ድረስ መጣ፤ ቅጠሉም ሰፋ።

«እይ ሙጢት» አለ። «እሜቴ ሽኮኮ በድንጋይ ላይ ሲያስርቡት ኖረው፣ እኔ አጠገብኩት።»

ሙጢት አንድ ቅጠል በጣቶቿ አሸችና አሸተተች። «አባዬ፣ ምንም አይሸትም እኮ።»

«ትልቅ ነገር ቆይቶ ነው የሚሸተው።»

አበባው ገና ሳይወጣ ጦጣው አንድ ማለዳ ተነሣ። አፉን ዘጋ። ተቀመጠ፣ ዳበሰ። ተቀመጠ፣ ዳበሰ። ተቀመጠ፣ ዳበሰ። ሦስቱን ምልልስ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጤዛው ከቅጠሉ እየተንጠባጠበ፣ ሙሉውን አጭዶ ከመረው።

ጥቅምት ገባ፤ ሳሉም ገባ። ወላጆች አፋፉ ላይ ቢወጡ መሬቱ ራቁቱን ነው። «ክረምት ላይ ነቀሉብኝ» አለች ሽኮኮዋ። ማን ነቀለ ብለው ሳይጠይቁ «ጦስኝ ከእኔ ዘንድ ሞልቷል» የሚለውን የጦጣ ድምፅ ሰምተው ወደ ታች ሮጡ። ልጅ ሲታመም ሌባ አይፈለግም። ጦጣውም እየቆነጠረ ሳይሆን እያቀፈ ሰጣቸው። ሣሩም፣ ሥሩም ከደጁ ተከመረ። የጃርትን ሥር በላ፤ እንደ አሰበው ጣፋጭ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሚዳቋ ተመለሰች።

«አያ ጦጣ፣ የሰጠኸኝ ምንድን ነው?»

«ጦስኝ ነዋ።»

«ልጄ ጎመን ነው አለኝ።»

«አብዝተሽ አፍይው።»

«አብዝቼማ ብዙ ጎመን ሆነ።»

ጃርትም መጣች፤ የእሷስ ልጅ ጭራሽ ብሶበታል። ጦጣው ሌላ ሊሰጣት ክምሩን ሲገልጥ እንፋሎት ወጣ። ጤዛውን ቋጥሮ የተከመረው ጦስኝ ሞቆ፣ ሻግቶ፣ ጠቁሯል። ጃርት አየችው፤ እሾኋን አንዴ አንኳኳችና ሄደች።

በዚያው ሳምንት ሙጢትን ሳል ያዛት። መጀመሪያ ቀለል ያለ ሳል ነበር። ከዚያ ደረቷ ይፏጭ ጀመር። ሾላ ስትባል ፊቷን አዞረች። ጦጣው ካልሻገተው መርጦ አፈላላት፣ አጠጣት። ደግሞ አፈላ፣ አጠጣ።

«አባዬ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ይሄ የወንዙ ውሃ ነው።»

ብልጠቱ ሁሉ እግሩ ሥር ወደቀ። ሙጢትን አዘለና ገደሉን ሲወጣ ዋለ። ሽኮኮዋ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሾላ እንኳ አልያዘም።

«እሜቴ፣ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቄያለሁ። አምስት ጣት አፈሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ልጅ ያለው ሌባ አንድ ቀን ራሱን ይዞ ይመጣል ብዬ ቆየሁህ።»

«እኔን የወደዱትን ያድርጉኝ። እሷን ግን …»

«አምጣት፣ ከጎኔ ትሙቅ። አንዲት የፍየል ጢም ትተህልኛል።»

ጦጣው ወደ ስንጥቁ ሮጠ። ያቺ ኩርምት ያለች ጦስኝ ለብቻዋ ቆማለች። እጁን ሰደደ።

«ተው» አለች ሽኮኮዋ። «አበባዋ ገና እንቡጥ ነው። ሁለት ቀን ይቀራታል። ያለችን አንድ ናት፤ ዛሬ ብትቆርጣት ጎመን ነው የምታጠጣት። ሥሩ ሳይጠማ፣ አበባው ሳይፈነዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ አይቆረጥም።»

ልጆች፣ ሁለት ቀን ለእናንተ ምንም አይደለም። ልጁ ለምታስልበት አባት ግን ረጅም ነው። ሙጢት ባሳለች ቁጥር ጦጣው እጁን ወደ ስንጥቁ ይሰዳል፤ ያስባል፤ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ሽኮኮዋ ልጅቱን ከሆዷ ፀጉር ሥር አድርጋ ታሞቃለች፤ ዝናብ ሲመጣ ስለምትሰማው የድንጋይ ድምፅ ታወራላታለች።

በሦስተኛው ማለዳ እንቡጡ ፈንድቶ ሐምራዊ ሆነ። ጦጣው ተነሥቶ አፉን ዘጋ። ሽኮኮዋ አየችው።

«ምን ሆንክ? ጥርስህን ነው የሚያምህ?»

«እርስዎ ሲቆርጡ አይናገሩም አይደል? ዝም ብለው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው …»

ሽኮኮዋ እስኪያስላት ሳቀች። «ልጄ፣ የምመላለሰው ጤዛው መድረቁን በእጄ ለማየት ነው። ዝም የምለው ደግሞ» አለችና ሳቋን ገታች፣ «ከማን ጋር ላውራ? ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን አፋፍ የሚወጣ ሁሉ ቅጠሉን ይዞ ይወርዳል።»

ጦጣው ሄዶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ አወሩ። ጤዛው ተነሣ። ፀሐዩ ገና ሳይከር ከቅርንጫፎቿ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ቆረጡ፤ የቀረውን ለዘር ተዉት። ቅጠሉ ገና እጃቸው ላይ ሳለ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር። አንዲት ቁንጥር ተፈላች። ሙጢት ፉት አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ ይሄስ ይናከሳል።»

ማታውን ደረቷ ለቀቀ። በማግሥቱ ሾላ ጠየቀች። ጦጣውም ከዚያችው እፍኝ ለሚዳቋና ለጃርት ልጆች ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ራሱ አደረሰ፤ ለሁሉም በቃ።

እንስሳቱ የነቀለው እሱ መሆኑን ሰምተው ፍርዱን አልተዉትም። ጦጣው ከወንዙ ዳር ያለውን ጦስኝ አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ አፋፉ እንዲመልስ፣ የበላውንም ሥር እንዲተካ ፈረዱበት። ሥሩን ሲምስ ጃርት አጠገቡ ቆማ «በጥፍር መማስ ታውቅበታለህ ብለውኝ ነበር» ትለው ነበር። ከጦስኙ ገሚሱ ደረቀ። ገሚሱ ድንጋዩ ላይ አኩርፎ ከረመና ቁመቱን ጥሎ፣ ቅጠሉን አጥብቦ፣ በዓመቱ ሸተተ።

ፍርዱ አለቀ፤ ጦጣው ግን መውጣቱን አልተወም። በጦስኝ ወቅት ጠዋት ጠዋት ሦስቱ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጤዛው እስኪነሣ ይጠብቃሉ። ሙጢት የማትጠይቀው ነገር የለም። ሽኮኮዋም ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ ቅጠል ቆርጣ አታውቅም ይባላል።

ተረቴን እንደ ጦስኝ በጥላ አድርቃችሁ አኑሩልኝ። ከእሱም ጋር ይህችን ቋጥሩልኝ፦ የጠገበ ቅጠል አይሸት፣ የቸኮለ እጅ አያሽር።