ጉሜ እና የተሞገሱት መሣሪያዎች

ለዚህች ታሪክ አምስት ደቂቃ ብትሰጧት አትቆጩም። በተለይ ማሽን ሥራ የምታዝዙ ሰዎች፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንድ ከደመና በላይ የተቆረቆረ ከተማ ነበር አሉ። ጠዋት ጠዋት ደመናው ከሥር ተኝቶ ሲተነፍስ ይታያል፤ ቤቶቹም ቀስ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። የዚያ አገር ሰው አንድ ልማድ ነበረው፤ መሣሪያን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነው። ፈረስና ጋሻ እንደሚሞገሱ ሁሉ ዶማና መጥረቢያም ይሞገሳሉ። በዚህ ሙያ ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሹም፣ አዛዥ ኅሩይን፣ የሚያህል አልነበረም። መሣሪያውን ሁሉ በየስልቻው ከትቶ፣ አፉን አስሮ፣ ሙገሳውን በብራና ቁራጭ ላይ ጽፎ ያንጠለጥልበታል። የትኛው ስልቻ ምን እንደያዘ እሱ ዳብሶ ያውቃል፤ ሌላ ሰው ይወቅ አይወቅ አስቦት አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን መንገደኛ ጠቢብ በከተማው አደረና ለመስተንግዶው ምስጋና ከጉም የተፈተለ አገልጋይ ትቶላቸው ሄደ። ሰዉ ጉሜ አለው። ጉሜ አይደክምም፣ አያኮርፍም፣ ሥራ ሲበዛበት ክንዱም አብሮ ይበዛል። ጠቢቡ ሲሰናበት ለኅሩይ አንድ ነገር ብቻ ነገረው፤ ሥራውን በቃል ብታዘው ይሰማል፣ ስለ ዕቃ ግን የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ኅሩይ ደስ አለው። እንዲህ ያለ አንባቢ አግኝቶ አያውቅማ።

ሥራ ተጀመረ። የንግሥቲቱን ቀሚስ ጫፍ አሳጥር ተባለና ጉሜ ብራናዎቹን አንድ ባንድ አነበበ። «የማይመለስ ስለት» የሚል ሁለት ስልቻ አገኘ። አንዱን አንሥቶ ሄደ፤ ሲፈታው መጥረቢያ ነበር፤ መቀሱ በሌላኛው ውስጥ ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ዘነቡ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አዛዥ፣ ቀሚሱን ሊያሳጥረው ነው ሊፈልጠው?»

ኅሩይ ፊቱ ጠቆረ። ጉሜ ደደብ ነው፣ ውበት አይገባውም እያለ ላገኘው ሁሉ አማረረ። ብራናዎቹን ግን አልነካም።

ከከተማው በላይ በአፈር ግድብ የታገደ ኩሬ ነበር፤ ከግድቡ ግርጌ ደግሞ ጥቂት ጎጆዎች። ከጎጆዎቹ በአንዷ የኅሩይ አንድያ ልጅ ትርንጎ ተኝታለች፤ ከወለደች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። በዚያው ዕለት ረፋዱ ላይ ግድቡ መንጠባጠብ ጀመረ። ቀዳዳው ጣት አያስገባም። ኅሩይ ጉሜን ጠርቶ ቀዳዳውን ድፈን፣ ውኃውን አቁም አለው። ጉሜ ስልቻዎቹን ሁሉ ተሸክሞ በረረ፤ ሽማግሌው ኅሩይ እያለከለከ ተከተለው።

ሲደርስ ጉሜ ድጅኖ ይዞ ግድቡን እየወጋ ነው። ጣት የማያስገባው ቀዳዳ የሰው ራስ ያክላል፤ ውኃው ወደ ጎጆዎቹ ይወርዳል።

«አንተ፣ ምን ማድረግህ ነው?»

ጉሜ ድጅኖውን አቁሞ ብራናውን አሳየው። በኅሩይ በራሱ እጅ «ውኃ የሚገዛለት፣ አፈር የሚሰግድለት ጀግና» ተብሎ ተጽፏል። ድሮ በዚያ ድጅኖ ምንጭ ተቆፍሮ ስለነበር ነው እንዲያ ያሞገሰው።

«ጌታዬ፣ ውኃ ይገዛለታል ብለዋል። እኔ የማምነው የእርስዎን ቃል ነው።»

ኅሩይም፣ ተወው፣ መደቅደቂያውን አንሣ አለው። ጉሜ ብራናዎቹን አገላብጦ እንዲህ የሚል የለም አለ። እውነቱን ነው፤ የመደቅደቂያው ስልቻ የሚለው «የአባቶች ክንድ» ነበር።

ከታች ሴቶች ሲጣሩ በሕልም እንደሚሰማ ድምፅ ይመጣል። ሽማግሌው ተንበረከከ፣ የመደቅደቂያውን ስልቻ ዳብሶ አገኘ፣ ብራናውን ገለበጠና በዕድሜው ጽፎት የማያውቀውን ተራ ነገር በከሰል ጻፈ፦

«መደቅደቂያ። ቀዳዳ ውስጥ የገባ ጭቃ ጠቅጥቆ ውኃ ለማገድ። አስቀድሞ ወፍራም እርጥብ ጭቃ ይፈልጋል። በደንብ ከተሠራ መንጠባጠቡ ይቆማል። ለመቆፈር አይሆንም፤ ለዚያ ድጅኖውን ፈልግ።»

ጉሜ አንድ ጊዜ አነበበው። ከዚያ ክንዶቹ ሃምሳ ሆኑ፤ ግድቡ በነጭ ጉም ተሸፈነ፣ ከጉሙ ውስጥም የድቅደቃ ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር። ጉሙ ሲገለጥ ቀዳዳ የለም። ያመለጠው ውኃ የትርንጎን ደፍ አርሶ ቀርቷል።

ኅሩይ ወርዶ ሕፃኑን ታቀፈ። ትርንጎ ምን እንዳስለቀሰው ብትጠይቀው፣ «ጉሜን ደደብ ስል ከረምኩ። በጽሑፌ ልገድልሽ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ» አላት።

ሰባት ቀን ተቀምጦ ብራናዎቹን ሁሉ እንደገና ጻፈ። የከተማው ሰው ጀግኖቻችንን አራቆትካቸው ብሎ አጉረመረመ። እሱም ሙገሳውን በበዓል ቀን በቃሌ አሰማችኋለሁ ብሎ መጻፉን ቀጠለ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጉሜ ዛሬ በኮምፒውተራችን ውስጥ አለ። የኤአይ ወኪል ይሉታል፤ ሥራ ሲነገረው መሣሪያውን ራሱ መርጦ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የሚመርጠውም እኛ ከጻፍንለት መግለጫ ተነሥቶ ነው። «ኃይለኛ፣ ሁሉን ቻይ መፈለጊያ» ብለን እንጽፍለትና ሲሳሳት እንሰድበዋለን። ግን ኃይለኛ ማለት ምን ማለት ነው? ምን ይፈልጋል? ከየት? ለማያውቅ የሚጽፍ ሰው ሙያው ማሳመር ሳይሆን ማሳወቅ ነው።

እስቲ ከጻፋችኋቸው መግለጫዎች አንዱን ዛሬውኑ አውጡና መሣሪያውን አይቶት ለማያውቅ ሰው አስነብቡ። መቼ እንደሚያነሣው፣ ለመሣሪያው ምን መስጠት እንዳለበት፣ ምን እንደሚያገኝበት፣ መቼ ደግሞ እንደማይነካው ይንገራችሁ። ግራ ከገባው ሰውየውን አትውቀሱ፤ እስክሪብቶ አንሡ።