ለአቶ ዘርጋው የሚስማማ ቃል

ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም አንድ ምላሰኛ ሰው ነበር። የስሚንቶ ፋብሪካውን የመረመረው ሩሲያዊ ባለሙያ ሥራ አስኪያጁን አቶ ዘርጋውን በሪፖርቱ «ሰነፍና ጉረኛ» ሲላቸው፣ ተርጓሚው ሳያለዝብ በእንግሊዝኛ እንዳለ አሰፈረው።

አንዲት የሩሲያኛ ቃል የማያውቁት አቶ ዘርጋው ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ሩሲያኛው እንዲህ አይከብድም! ያከበደው ያንተ እንግሊዝኛ ነው። እስከ ነገ ለስለስ ያለ ቃል ካላመጣህ ሥራህን ደህና ሰንብት በለው!»

በማግስቱ ቢሮ ሲገባ «እህ፣ አገኘህ?» አሉት።

«አምስት አግኝቻለሁ፣ ጌታዬ። ስምዎን በእጄ ሸፍኜ አንድ በአንድ ለፋብሪካው መሐንዲሶች ባሳያቸው፣ ‹ይሄ ደግሞ ማነው?› እያሉ አደረቁኝ። የመጀመሪያውን፣ ‹ሰነፍና ጉረኛ› የሚለውን ሳሳያቸው ግን ማንም አልጠየቀኝም።»