የኦቲሊያ የአልሞንድ ኬክ

ዳቦ ቤት ገና ወደ ገጠር ባልወረደበት፣ ሁሉም በየቤቱ ምድጃ በሚጋግርበት በድሮ ዘመን፣ በጀርመን አገር አንድ ወንዝ ዳር ባለ መንደር ኦቲሊያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ስሙኝ ልጆች። የኦቲሊያ ሥራ የሞተ ሰው አጥቦ መገነዝ ነበር። ሰው ሲሞት ሁሉም ይጠራታል፤ እጇ የነካውን ምግብ ግን የሚቀምስ አልነበረም።

የዚያ መንደር ኬክ እንዲህ ነው። ሊጡ በእርሾ ኩፍ ይላል፤ በሰፊ ትሪ ይዘረጋል፤ ከዚያ በጣት እየተጫኑ ያጎደጉዱታል። በየጉድጓዱ ቅቤ ይገባል፤ ከላይ ስኳርና የተከተፈ አልሞንድ ይነሰነሳል። ሰርግም ለቅሶም ያለ እሱ አይሆንም። በሰርግ የምትጋግረው የሙሽራይቱ እናት ናት፤ የወንዱ ወገን ካልበላላት ልጅቷን አልተቀበላትም ማለት ነው። ኦቲሊያ ደግሞ ሬጊና የምትባል አንድ ልጅ አለቻት፤ ለጎረቤቷ ለዋልቡርጋ ወንድ ልጅ ታጭታለች።

ኦቲሊያ ፈራች። እስቲ ልሞክራቸው አለችና ወይን ሲለቀም ኬክ ጋግራ ለለቃሚዎቹ ወሰደች።

«እግዜር ይስጥሽ፤ ጠግበናል» አሏት። ምሳ ገና አልበሉም ነበር።

ለገና ደግሞ ጋግራ ለዋልቡርጋ ላከች። ዋልቡርጋ ትሪውን በክብር ተቀበለች፤ አጥባም መለሰች። ኬኩን የበሉት ዶሮዎቿ ነበሩ፤ ኦቲሊያ በአጥሩ ቀዳዳ አየች።

«እማዬ፣ ሌላ ሰው ይጋግርልን» አለች ሬጊና።

«ሌላ ሰው ከጋገረማ እናትሽ ሌላ ሰው ናት።»

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ኦቲሊያ ጠዋት ተነስታ አቦካች፤ ሊጡን ዘረጋች። ጣቷን ግን አላስገባችም። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አኖረች፤ ጠረጴዛውንም በሩ ላይ ገተረችው። የሙሽራው ወገን መጣ፤ ማለፊያ የለም።

«ዋልቡርጋ» አለች፤ «እናትሽን ሳጥብ እጄን ይዘሽ ታለቅሺ ነበር። ያኔ አልተጸየፍሽውም። ዛሬ ደግሞ ጣትሽን አውሺኝ።»

ዋልቡርጋ ሬጊናን አየች፤ ልጇን አየች። ከዚያ ቀለበቷን አወለቀችና ጣቷን ሊጡ ውስጥ አስገባች።

«ጠለቅ አድርጊው፤ አለዚያ ቅቤው ይፈስሳል» አለች ኦቲሊያ፤ ራሷም ከአጠገቡ አጎደጎደች።

በርሜል ሠሪው ሎሬንዝ ወፍራም አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «ይቺ ከገባች የመንደሩ ቅቤ ያልቃል።»

«አስገባና ዝም በል» አለችው ዋልቡርጋ።

ሁሉም አስገቡ። ኬኩ ከምድጃ ሲወጣ የማን ጉድጓድ የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም፤ የገዛ ጣቱን የሚጸየፍ ደግሞ የለም። በሉ። ሬጊናም ተዳረች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ቤተኛውም እንግዳውም ጣቱን ሳያስገባ ትሪ ምድጃ አይገባም። ሰው ሰውን ሲሸሽ ደግሞ ሽማግሌዎቹ «ጣትህን አስገብተሃል፤ ብላ» ይሉታል።

ኦቲሊያ የሞተች ቀን ገናዥ ጠፋ፤ ከእሷ በቀር ሥራውን የሚያውቅ አልነበረም። ዋልቡርጋ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። አጠበቻት፤ ገነዘቻት። ከዚያ ቤቷ ሄዳ ለለቅሶው ሊጥ አቦካች። ሕዝቡም መጣ፤ ጣቱን አስገባ፤ በላ።