ያልቀለለው ራኬት

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ወንዝ ዳር ያለውን መስክ አስጠርጎ የቴኒስ መረብ ባስወጠረበት ዘመን፣ ጭነት ያንገፈገፈው አንድ አህያ ነበር። አዋጁ ሲነገር ሰማ፤ በዚያ ጆሮ አለመስማትስ እንዴት ይቻላል። «ዓርብ ተፈትኖ አምስት ኳስ የመለሰ ሁሉ ተጫዋቼ ነው፤ ተጫዋቼ ደግሞ ቅዳሜ ጭነት አይነካም» ይላል አዋጁ።

አህያ ቴኒስን አያውቅም፤ ቅዳሜን ግን አሳምሮ ያውቃል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የጀርባው ቁስል ሳምንቱን ሙሉ ሲሽር ይሰነብትና ቅዳሜ እንደገና ይላጣል። አንዲት ቅዳሜ ሣር ላይ ተጋድሞ ዝንብ ቢያባርር ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር። ደክሞታል፤ ደከመኝ ማለትም ደክሞታል።

ራኬት ሻጯ ቀበሮ ናት። ከሾላው ሥር ሸራ አንጥፋ ደርድራለች። አህያ ሲደርስ አያ ጅቦ ቀድሞት ራኬቶቹን አንድ በአንድ ያሸታል።

«የዚህ ጅማቱ የምንድን ነው?» አለ ጅብ።

«የበሬ አንጀት።»

«በቃ፣ እሱን ስጪኝ።» አንስቶ እንኳ አልሞከረውም።

ቀጥላ እመት ጦጢት ፊቱ ሰፋ ያለ ቀላል ራኬት መረጠች። ሁለት ጊዜ ወዘወዘችና ወደ አህያ ዞረች።

«ለጀማሪ ይሄ ነው የሚሻለው። አንተም ከዚሁ ውሰድ።»

ኮቴ አይጨብጥምና አህያ እጀታውን በጥርሱ ነክሶ አነሳው። ምንም አልከበደው። ቅር አለው። በዕድሜው ሙሉ ቀላል ሆኖ የተጫነው ገለባና ባዶ ጆንያ ብቻ ነው፤ ጨውና ማር ሁልጊዜ ይከብዳሉ።

«ይሄማ ባዶ ነው» ብሎ መለሰው።

ቀበሮ ፊቱን አየችና ከሸራው ሥር ስንት ጊዜ ገዢ ያጣ የብረት ራኬት ጎተተች። «አስተዋይ ነህ ወንድሜ። ይሄን ሁሉም አንስቶ መልሶታል፤ አልቻሉትም።»

«ሌላው ያልቻለውን መሸከም የእኔ ሥራ ነው» አለ አህያ። ከአፉ ቆጥቦ ያኖራትን ገብስ ሰጥቶ ወሰደው።

ዓርብ ጅብ ባዶ ክብ ይዞ መጣ። «ጅማቱስ?» ሲለው አንበሳ፣ «መንገዱ ረጅም ነበር ጌታዬ» አለ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። ጦጢት አምስቱንም መለሰች። አህያ ግን አንገቱን ቀና እስኪያደርግ ኳሱ ያልፈዋል፤ በአራተኛው ላይ አንገቱ ጭራሽ እንቢ አለ።

«ቀላል ራኬት አጥተህ ነው?» አለ አንበሳ።

«ኧረ ነበረ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«ሲቀለኝ የሚረባ አልመሰለኝም።»

አንበሳ አዘነለት። አዋጁን ግን አላጠፈም።

ቅዳሜ ጠዋት ፈተናውን ያላለፈውን አህያ ቀበሮ ጆንያዋን ለገበያ ጫነችው። በመስኩ ሲያልፉ ጦጢት ጥላ ሥር ተንጋላለች። አህያ ቀና ብሎ አላያትም።

«ዛሬስ ምን ጫንሽኝ? ጆንያው አይከብድም፤ የማይረባ ነገር ነው መሰለኝ» አላት ቀበሮን።

«ያ የናቅከው ዓይነት ራኬት ነው። ገበያ ላይ ይሻሙበታል።»

አህያ እየሄደ ጠየቀ፦ «የብረቱንስ የት ጣልሽው?»

«እሱማ ያንተ ነው፤ ጀርባህ ላይ አስሬልሃለሁ።»

ልክ ቁስሉ ላይ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሸክም የለመደ ጀርባ መራጭ ሲሆን ዕረፍቱንም ሸክም አድርጎ እንደሚገዛ ነው።